በቁሜ የተተከለልኝ ድንኳን

አዳማ፣ መስከረም 22

ለአባባ፣ ካሉበት ይድረስዎ።

እንደምን ሰነበቱ፣ አባባ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ያ ሊነጋ ሲል የሚነሳብዎ ሳል ተወዎት ወይስ እንዳለ ነው? የአርሲ ነገሌን ብርድ እኔም ቀምሼዋለሁ፤ ከዚህ ይዘው የሄዱት ያንን አንድ ጋቢ ብቻ መሆኑ ትዝ ሲለኝ እዚህ ሙቀት ውስጥ ተቀምጬ እኔን ይበርደኛል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሊዲ አራተኛ ክፍል ገብታለች። ኪሩ ሁለት የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል፤ ወሬው ግን አልቀነሰም፣ እንዲያውም በክፍተቱ በኩል ይበልጥ ይወጣለት ጀምሯል። ሁለቱም እጅ ነስተዋል።

ፊደሉን እንዲህ ያተለቅሁት መነጽርዎ አንዱ ዓይኑ ተሰንጥቆ እንደሄዱ ስለማውቅ ነው። ወረቀት ፈጀሽ ብለው እንዳይቆጡኝ፤ የሊዲ ያለፈው ዓመት ደብተር ትርፍ ገጽ ነው። ስልክዎ «ማግኘት አይቻልም» ማለት የጀመረው ከገና ወዲህ ነው። መጀመሪያ ሰሞን በየቀኑ እደውል ነበር፣ ኋላ እሁድ እሁድ፣ በመጨረሻ የዚያችን ሴትዮ ድምፅ መስማት ሰለቸኝና ተውኩት። ስለዚህ ይህን የሚያደርስልኝ ሰንበታ ነው፤ ከመቂ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያመጣልኝ ባለ አይሱዙው። እህል ሊጭን ነገሌ ሲወርድ ገበያው ውስጥ እንደሚያይዎ ነግሮኛል። እንዴት እንዳሉ ስጠይቀው «ደህና ናቸው፣ በጣም ደህና ናቸው፣ ምንም አልሆኑም» አለኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ቢለው አምነው ነበር።

አባባ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ላመሰግንዎ ነው። «ምን አደረግሁልሽ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይታገሡኝና ከመጀመሪያው ልንገርዎ፣ የምናዘዘውም አለኝ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ አከራያችን አቶ ሙሉብርሃን መጥተው፣ ግቡ ብላቸው ሳይገቡ በሩ ላይ እንደቆሙ፣ ልጃቸው ከዓረብ አገር ተመልሶ ሊያገባ መሆኑንና ክፍሏን እንደሚፈልጓት ነገሩኝ። አንድ ወር ሰጡኝ። አልፈረድኩባቸውም፤ ልጅ የእርሳቸው፣ ቤት የእርሳቸው ነው። በማግስቱ ከገበያ መልስ ደላላ ይዤ ቤት ፍለጋ ወጣሁ። ከፍራንኮ እስከ ዳቤ ያልረገጥኩት ግቢ የለም። ቤት ያለው ሰው ሁሉ ስለ ክፍሉ አንድ ቃል ከመናገሩ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «ስንት ሰው ናችሁ?» ቀጥሎ ልጅ አለሽ ወይ፣ ባልሽስ የት ነው፣ ውሃ ታበዣለሽ ወይ ይመጣል። አንዲት ሴትዮ ልጆቼ ያለቅሱ እንደሆነ ጠየቁኝ። የኔ ልጆች ሲያለቅሱ ሰው ሰምቶ አያውቅም ብዬ አፌን ከመዝጋቴ ኪሩ የራሳቸው ደፍ ላይ ተደናቅፎ ወደቀና ሰፈሩን በእሪታ አናወጠው። እየሳቅሁ ነበር ከዚያ ግቢ የወጣሁት፣ መንገድ ላይ ስደርስ ግን ሳቄ ወዴት እንደሄደ አላወቅሁም። ሌላው ደግሞ የስድስት ወር ቅድሚያ ካልከፈልሽ አለኝ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ወሩ አለቀ።

ለሰው አልተናገርኩም። ይህ ነው ትልቁ ሞኝነቴ። ጎረቤት ሁሉ ደህና አደርሽ ሲለኝ እግዚአብሔር ይመስገን እያልኩ፣ ከወር በኋላ የት እንደምተኛ ሳላውቅ፣ እንደ ባለ ሙሉ ቤት ሆኜ ቲማቲሜን ስሸጥ ከረምኩ። ለእርስዎም ቢሆን ስልክዎ ቢሠራ የምነግርዎ አይመስለኝም። ይህን መደበቅ ከየት እንደወረስኩት ያው ሁለታችንም እናውቃለን።

ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ቀን እቃዬ ከበር ወጣ። አቶ ሙሉብርሃን ራሳቸው አልጋውን በአንድ በኩል ይዘው አገዙኝ፣ ዓይኔን ግን አላዩኝም። ዝናቡ ጠዋት አባርቶ ነበር፤ ልክ ፍራሹ ሲወጣ እንደገና ጀመረ። ሊዲ የትምህርት ቤት ካርዷን በፌስታል ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ኪሩ ምጣዱን ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ ይስቃል። እኔ ቆሜ ነበር፤ ምን እንደማደርግ ሳይሆን ሰው ሳያየኝ እንዴት እንደምሰወር ነበር የማስበው።

በዚህ መሀል ነው አቶ መርዳሳ የመጡት። ያውቋቸዋል፣ የድሮው የባቡር ሠራተኛ፣ የእድራችን እቃ ቤት ጠባቂ፣ ያ እግራቸውን የሚጎትቱት ሽማግሌ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የመጀመሪያውን ምስጋና ላቅርብ። የዛሬ አምስት ዓመት እቃዬን በጋሪዎ ጭነው ወደዚህ ሰፈር ያመጡኝ ቀን ትዝ ይልዎታል? ፈረስዎ ቦራ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሩ ላይ ቆሞ ጭራውን ሲወዘውዝ፣ አቶ ሙሉብርሃን የእርስዎን የገመድ ቋጠሮ ሊፈቱ ታግለው ታግለው ሲያቅታቸው ቢላዋ አምጡልኝ አሉ። እርስዎ መጥተው በሁለት ጣት ሳብ አድርገው ፈቱት። ከዚያ እቃው ገና ሳይገባ «እድር ግቢ» አሉኝ። ተከራይ ምን ያደርግልኛል፣ ነገ ለቅቄ ብሄድስ፣ ደግሞስ ማን ሊሞትብኝ ነው ብዬ ሳቅሁብዎ። አልሳቁም። እድር የሚያስፈልገው ሬሳ ላለው ሳይሆን ሰው ለሌለው ነው ብለው፣ ያኔውኑ ወደ አቶ መርዳሳ ወስደው አስመዘገቡኝ። ያን ቀን ባያስመዘግቡኝ ኖሮ የቀረውን የምጽፈው አይኖረኝም ነበር።

አቶ መርዳሳ እቃዬን አዩ፣ ልጆቹን አዩ፣ ሰማዩን አዩ። «ኢንታላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» ወር ሆነኝ አልኳቸው። ዞረው ሄዱ። እሳቸውም አፈሩብኝ ብዬ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ጎረምሶች አስከትለው፣ ትልቁን የእድር ድንኳን በጋሪ አስጭነው ተመለሱ። በእድራችን ደንብ ድንኳኑ ለለቅሶ ካልሆነ ከእቃ ቤት አይወጣም። ለሠርግ እንኳ ተጠይቆ ተከልክሏል። አቶ መርዳሳ ግን ለማንም ሳይነግሩ፣ ጥሩንባም ሳያስነፉ፣ ከግቢው አጥር ጥግ መንገዱ ዳር ተከሉት። እቃዬን ከስሩ አስገቡ፣ አግዳሚ ወንበሮቹን አስደረደሩ፣ ልጆቹን ፍራሹ ላይ አስቀመጡና «እስኪያባራ ነው» አሉ።

እስኪያባራ! እርስዎ ይህን ሰፈር ያውቁታል። ድንኳን የታየበት በር ማን ሞተ ተብሎ አይጠየቅም፤ መጀመሪያ ተለቅሶ ነው የሚጠየቀው። ሻይ የማፈላበት ማንቆርቆሪያ ስፈልግ ከማዕዘኑ በኩል እሪታ ሰማሁ። እትዬ አሰለፈች ናቸው፤ እኚያ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ትልቁ ግቢ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩት ልብስ ሰፊ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ «ልጄን! ልጆቿን ለማን ጥላ!» እያሉ ይመጣሉ፤ ከኋላቸው አምስት ስድስት ሴቶች ተከትለዋል። እኔ ማንቆርቆሪያዬን ይዤ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆሜያለሁ። እትዬ አሰለፈች ሲያዩኝ ቀጥ አሉ።

«አንቺ አይደለሽም እንዴ የሞትሽው?» አሉኝ።

«አልሞትኩም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምነው አትናገሪም!» ብለው በነጠላቸው ጫፍ ትከሻዬን መቱኝ፤ ወዲያው ደግሞ አቅፈውኝ ለሟቿ ይዘውት የመጡትን እንባ እኔው ላይ ጨረሱት።

ወንዶቹ ባሱ። ወንድ ለቅሶ ሲደርስ እንዴት እንደሆነ ያውቃሉ፦ ኮፍያውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ምንም ሳይጠይቅ ይቀመጣል። እየገቡ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይሉኛል፣ እኔ አሜን እላለሁ፣ ይቀመጣሉ። ሌላው «አላህ ያጽናሽ» ይለኛል፣ ለእሱም አሜን። ድንኳኑ ሞላ። ማን እንደሞተ የሚያውቅ የለም፣ አላውቅም ማለትም ነውር ሆነባቸው። ኪሩ ነው ያጋለጠን፤ ከአንዱ ሽማግሌ ጎን ቁጭ ብሎ «እናንተም ከቤት አስወጧችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው።

ከዚያ በኋላ የእድሩ ዳኛ መጡ፣ ተቆጥተው። ደንብ ተጥሷል፣ ድንኳኑ አሁኑኑ ይነቀል አሉ። አቶ መርዳሳ በዝግታ ተነሱ። እኒህ ሰውዬ በስብሰባ ላይ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ይቺ ልጅ ሞታ ቢሆን ኖሮ» አሉ፣ «ዛሬ ሁላችሁም እዚህ ታድሩ ነበር። ወንበር ታመጡ፣ ምግብ ታመጡ ነበር። የሞተ ሰው ደግሞ ቤት አያስፈልገውም። እኔ ሰላሳ ዓመት ይህን ድንኳን ስተክል ለሚያስፈልገው ሰው የተከልኩት ዛሬ ነው።»

 ዳኛው ኮፍያቸውን አዙረው አዙረው መልሰው አደረጉት። ከዚያ እትዬ አሰለፈች፣ አንዴ የተተከለ ድንኳን ሠልስት ሳይወጣ ቢነቀል ለሰፈሩ ጥሩ አይደለም፣ ሌላ ሬሳ ይጠራል አሉ።  ደንቡ ሊያስወጣኝ ሲል፣ አባባ፣ ፍርሃት አስቀመጠኝ። ሦስት ቀን ልክ እንደ ለቅሶ ቤት ሆነ፤ ሴቶቹ በየተራ ምግብ አመጡ፣ ወንዶቹ ካርታ እየተጫወቱ አደሩልኝ። አቶ ሙሉብርሃን እንኳ በሁለተኛው ቀን መጥተው ከጥግ ተቀመጡ። ሻይ ሰጠኋቸው። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ጠጡ።

ሰው ሦስት ቀን አንድ ድንኳን ስር ከተቀመጠ ደግሞ ማውራቱ አይቀርም። ወሬው ከእኔ ተነሥቶ ወደየቤቱ ሄደ። አንዷ እኔም ባለፈው ዓመት ሦስት ወር እህቴ ቤት ወለል ላይ ነበር የተኛሁት አለች፤ ጎረቤቷ ናት፣ ማንም አያውቅም ነበር። አንድ ጎልማሳ አባቱ ቤታቸው ተሽጦ ከዘመድ ዘመድ ሲዞር የት እንደደረሰ እንደማያውቅ ተናገረ። ያኔ ተነሥቼ ወጣሁ፣ ማንቆርቆሪያውን ልሞላ ብዬ። ባዶ አልነበረም።

ጋዲሴም መጥታ ነበር፤ ቤቶች ጉዳይ የምትሠራዋ፣ የእድራችን አባል ናት። ሁሉም ዞሮ እሷን ያያት ጀመር፣ መንግሥት እሷ ብቻ ትመስል። በጀት የለኝም አለች መጀመሪያውኑ፣ ሳትጠየቅ። ግን ዝም አላለችም። ሰው እኔ ቢሮ የሚደርሰው እቃው ውጪ ካደረ በኋላ ነው፣ ያኔ የምሰጠው ቅጽ ብቻ ነው አለች። መንገድ ላይ የወጣ ሰው መታወቂያው ጊዜው ያልቃል፣ ለማደስ የቤት ቁጥር ይጠየቃል፣ ያለ መታወቂያ ሥራ የለም፣ ያለ ሥራ ቤት የለም፤ አንድ ጊዜ ከወጣ መመለሻው እንዲህ ነው። ከወር በፊት ብሰማ ግን ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ገንዘብ አይደለም፣ ሁለት ሽማግሌ ወደ አከራዩ መላክ ብቻ ነው አለች። አቶ ሙሉብርሃን ይህን ሲሰሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሽማግሌ ቢልኩብኝ ኖሮ እስከ መስቀል እታገሥ ነበር፣ የጠየቀኝ ሰው የለም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኔ አልጠየቅኋቸውም። እሺ ብዬ ነበር በሩን የዘጋሁት፣ ኩራት መስሎኝ።

እንዲህ ሆኖ ነው በሠልስቱ ቀን ደንቡ የተለወጠው። አሁን በእድራችን ቤት ልቀቅ የተባለ ሰው በሰማበት ሳምንት መናገር አለበት፤ ሞት ሲሆን እንደሚነገረው ማለት ነው። ሦስት ሽማግሌ ይሄዳል፣ ጊዜ ይለመንለታል። እምቢ ከተባለም፣ ድስትና ወንበር የሞላበትን እቃ ቤት ግማሹን አጽድተን ክፍል አድርገነዋል፤ ሌላ እስኪያገኝ ያርፍበታል። ሰርቪስ ቤቱ ባዶ የሆነ ሰው ለደላላ ሳይሆን መጀመሪያ ለእድሩ ይናገራል። አዲስ ነገር አልገነባንም፤ ያለውን ነው ያየነው። ከሐምሌ ወዲህ አንድ ጸጉር አስተካካይ ከነሚስቱ እቃ ቤቱ ውስጥ ሦስት ሳምንት ተቀምጦ ቤት አግኝቶ ወጥቷል። አንዲት ባልቴት ደግሞ ሽማግሌዎቹ አከራይዋን አናግረው ከነጭራሹ ሳትወጣ ቀርታለች። ሁሉ ተሳካ ብዬ ግን አልዋሽዎም፤ አንድ ወጣት አፍሮ ሳይናገር ቆይቶ አሁን መናኸሪያው አካባቢ በረንዳ ያድራል። አቶ መርዳሳ በየሳምንቱ እየሄዱ ይለምኑታል፣ እሺ ይላል፣ አይመጣም። ማፈር ከቤት ኪራይ ይከብዳል፣ አባባ።

አሁን ወደምናዘዘው ልምጣ። እስካሁን የዞርኩት ይህን ሽሽት ነበር።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት፣ ቤታችን ለመንገድ ፈርሶ፣ ቦራም ሞቶ እኔ ጋ ከገቡ በሦስተኛው ወር፣ እሁድ ጠዋት አቶ ሙሉብርሃን መጡ። እርስዎ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝተው ነበር። ሦስት ሰው ብለሽ ገብተሽ አራት ሆናችሁ፣ ውሃው አልበቃንም አሉኝ። እኔ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ሦስት ነን» አልኳቸው፣ «አባቴ እንግዳ ነው፣ ሰሞኑን ይሄዳል።» ዝቅ ያደረግሁት እርስዎ እንዳይሰሙ ነበር። መጋረጃ ግን መጋረጃ ነው።

በማግስቱ ጋቢዎን አጥፈው፣ ነገሌ ውስጥ የእህል መጋዘን ጥበቃ ሥራ እንዳገኙ፣ ማደሪያ ክፍልም እንዳለው ነገሩኝ። ማን እንዳገኘልዎ አልጠየቅሁም። የባለ መጋዘኑን ስም እንኳ አልጠየቅሁም። ብጠይቅዎ ስም መፍጠር ሊኖርብዎ ነው፣ እርስዎ ደግሞ ውሸት አይሆንልዎም። አምኜዎት አልነበረም፤ ማመኑ ቀለለኝና ነው። ቆሎ ቋጥሬ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁዎት። ስመለስ ክፍሏ ሰፋችልኝ። ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ሰፋችልኝ፣ አባባ።

እርስዎ ደግሞ ይህን ሁሉ ሰምተው፣ በሐምሌ ምን አደረጉ?

ሰንበታ በመጀመሪያው ቀን በመኪናው ሲያልፍ ድንኳኑን ከደጄ አይቶ፣ ሳይቆም ሳይጠይቅ ይዞት የሄደው ወሬ የት እንደደረሰ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። በሠልስቱ ቀን ወንበር ስንሰበስብ እትዬ አሰለፈች አንድ ፌስታል አምጥተው ሰጡኝ። ጠዋት አንድ ሽማግሌ ከመብራት እንጨቱ ስር ቆመው ነበር አሉኝ፤ ጋቢያቸውን ዘቅዝቀው የለበሱ፣ ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ፣ ዝናቡ ሲወርድባቸው የማይጠለሉ። ማን እንደሞተ እትዬ አሰለፈችን በቀስታ ጠየቋቸው። «የሞተ የለም፣ ልጅቷ ቤት አጥታ ነው እንጂ፤ ያቻት ወንበር ተሸክማ» አሏቸው። ሽማግሌው አዩ። ከዚያ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ብዙ ቆዩ። እትዬ አሰለፈች ይግቡ ቢሏቸው እንግዳ ነኝ አሏቸው። ፌስታሉን ሰጥተዋቸው ወደ መናኸሪያው ሄዱ።

ለንፍሮ ያመጡት ስንዴ ነበር። ለእኔ ለቅሶ።

ማን እንዳመጣው ለመጠየቅ አላስፈለገኝም። ቋጠሮው ነገረኝ፤ ኪሩ በጥርሱ ሊፈታው ሞክሮ ያቃተው ያ ቋጠሮ። አልፈታሁትም፣ ከስሩ ቀድጄ ነው የከፈትኩት። ስንዴው ውስጥ ማሽላ ነበረበት፣ በቆሎ ነበረበት፣ ጠጠርም። መጋዘን የሚጠብቅ ሰው እንዲህ ያለ ስንዴ አያመጣም፤ ይህ ከገበያ መሬት የተለቀመ ነው። ከሰፌዱ ጋር ተቀምጬ አንድ በአንድ ለቀምኩት፣ እስኪመሽ ድረስ። እትዬ አሰለፈች መጥተው ሊያግዙኝ ሲሉ ተዉኝ አልኳቸው። እጅዎ እያንዳንዱን ፍሬ ከመሬት አንሥቶት ነበርና እኔም በእጄ ልነካው ፈለግሁ። አልቀቀልኩትም። በማሰሮ አስቀምጬዋለሁ፣ ለእንጀራችን ይሆናል።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አባባ። ካባረርኩዎት ቦታ ሊቀብሩኝ ስለመጡ። ሞቼ አለመገኘቴን አይተው ስላመሰገኑ። ስለ እድሩም፣ ስለ ስንዴውም። ቅር የሚለኝ ያ ድንኳን ሙሉ ሰው ሲያጽናናኝ የእኔ ሰው ዝናብ ላይ መቆሙ ብቻ ነው።

ደግሞ አቶ መርዳሳ ያን ቋጠሮ አይተው ከእጄ ነጥቀው አገላበጡት። ጎረምሶቹ የድንኳኑን ገመድ ማሰር አይችሉበትም፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይላላል፤ እኔ ደግሞ እግሬ አልቻለም አሉ። ይህን ያሰረውን ሰው እቃ ቤቱ ይፈልገዋል አሉኝ። ቀልዳቸውን አይደለም፤ ዳኛውም ሰምተዋል። ጋዲሴም መታወቂያዎን ለማደስ ቅጹን አዘጋጅታ ትጠብቃለች፣ የቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው። ሰንበታ ሐሙስ ከነገሌ ይመለሳል። የፊት ወንበሩን ለማንም እንደማይሰጥ አስምዬዋለሁ፤ ያንን የቸኮለ ወሬውንም በዚሁ ይክሳል።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ድንኳኑ በተነቀለበት ቀን እትዬ አሰለፈች ባዶ ከሚያድሩት ክፍሎቻቸው ሁለቱን ሊሰጡኝ ግቢያቸው ወሰዱኝ። ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት እሳቸውም እንደ ሰው ሁሉ ያንኑ ጠየቁኝ፦ «ስንት ሰው ናችሁ?»

ድምፄን ዝቅ አላደረግሁም። «አራት ነን» አልኳቸው።

ሐሙስ በሩ ክፍት ነው። እግዚአብሔር መንገድዎን ያቅናልዎ፣ ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ለልጅ ልጆችዎ ምርቃት ያቆይልኝ። እኔን ግን እዚህ መጥተው፣ እጅዎን ራሴ ላይ ጭነው ይመርቁኛል።

ይቅርታዎን የምትጠብቅ
ልጅዎ